አንገት ድረስ

ካሜራው ርካሽ ነው፤ ከሳሙና አይበልጥም፣
ኪሴ ውስጥ ብከተው ኮቴን አያጎብጥም።
በአራት ዩሮ ገዛሁት፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፤
ሻጩ እየሳቀብኝ፣ «ይሠራል፣ ከሠራ።»
ሌንሱ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑም ተሰንጥቋል፤
ብርሃን እንደ አይጥ ሾልኮ ፊልሜን ይበላብኛል፤
በጥቁር ፕላስተር ወገቡን አሰርኩት፣
እንደ ቆሰለ ጣት ሸፋፍኜ ያዝኩት።

ሠላሳ ስድስት ጊዜ ማየት ይፈቅድልኛል፤
ዋጋው የሦስት ቀን ጎመን ያስሸጠኛል።
(ኮምጣጣ ጎመን ነው የምሸጠው፣ በበርሜል።)

ሪጋ ነው ገበያዬ፣ ዳውጋቫ ወንዝ ዳር፤
ፀሐይ በዐሥር ሰዓት ሱቋን ትዘጋለች፣ በኅዳር።
«ለምን በቀለም አታነሺም?» ይሉኛል።
ሰማዩ ዐመድ፣ ወንዙ ብረት፣ በረዶው ጨው ይመስላል፤
ቀለም ያለው ነገር ጎመኔ ውስጥ ያለው ካሮት ነው፤
እሱን ማንም ያውቀዋል፤ ማንሳት ምን ያደርጋል?

ከፊት ለፊቴ ነው ዓሣ ሻጭ ቪስቫልዲስ፤
ሃያ ሁለት ዓመት አየሁት፣ ጨው ሲነሰንስ።
ካሜራው ከኪሴ ብቅ ሲል ይሸሻል፤
«ፊቴን ተዪው፣ ዜልማ፤ መስታወትም ሰልችቶታል።»

አንድ ማክሰኞ ግን፣ መብራት እንደጠፋ፣
ከጣሪያው መስኮት ላይ ግራጫ ቀን ሰፋ፤
ቢላውን ሳይለቅ «እሺ... አንዴ» አለኝ፤
ለምን እንደ ፈቀደ ያኔ አልገባኝ።
ተጠጋሁ፣ ክንድ ያህል። በቀዳዳው አየሁ፤
ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጺሙን ሙሉ አገኘሁ፤
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ

                    ጠቅ።

«ተነሳህ» አልኩት። «ወዴት?» ብሎ ሳቀ፤
ወደ ዓሣው ዞረ፤ ቢላው ፈነጠቀ።

የቀረውን ፊልም በበረዶው ወራት ጨረስኩት፦
ትራም የምትጠብቅ ሴት፣ ጃንጥላዋ የተሰበረ፤
ድልድይ ሥር የቆመ፣ ማንንም የማይጮኽበት ውሻ፤
የገዛ በርሜሌ (ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ)።
በየካቲት ቪስቫልዲስ ቀረ።
ሚዛኑ ጨርቅ ለብሶ ከረመ።

ልጁ ሊጊታ መጣች፤ ጓንቷን አላወለቀች።
«ያለን ፎቶ የውትድርናው ነው» አለች፤
«አንቺ ጋ አይጠፋም ብለው ነው...» ሳትጨርስ ተወች።

ያን ማታ መታጠቢያ ቤቴን በብርድ ልብስ ከለልኩ፤
ጨለማው ሲሞላ ፊልሙን ፈታሁ፣ ጠቀለልኩ፤
ውሃውን በክርኔ፣ እንደ ሕፃን ገላ፣ ለካሁት፤
መድኃኒቱን ሞላሁ፣ ገለበጥኩ፣ አጠብኩት።

በማግስቱ ማታ፣ በቀይ አምፖል፣ ወረቀቱን ነከርኩ።
መጣ። ቀስ ብሎ። መጀመሪያ ቢላው፤
ቀጥሎ እጅጌው፣ ሽርጡ፣ ደረቱ፣ አንገቱ፤
ከአንገቱ በላይ ግን አለቀ ወረቀቱ።

የርካሽ ካሜራ ጠባይ ነው፦
ማያው ከላይ ነው፣ ሌንሱ ከታች፤
ሲርቁት ይስማማሉ፣ ሲቀርቡት ይጣላሉ።
እኔ ግንባሩን ሳይ
እሱ እጁን ያይ ነበር።

እጁን ግን! በየአንጓው የተለጠፈው ቅርፊት
እንደ መርፌ ጫፍ ያበራል፤
የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተከፍሏል፤
ቀለበቱ ላይ ደግሞ
ክር ተጠምጥሟል፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣
ከከሳው ጣቱ እንዳይወልቅ።
ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ቆሜ
ይህን አላየሁም።

ፎቶውን ለሊጊታ ስሰጣት አንገቴን ደፋሁ፤
«ጭንቅላቱ የለም፤ ይቅርታ...» ብዬ ጀመርኩ።
አልሰማችኝም። ጓንቷን አወለቀች።
ክሩን በጣቷ ነካች።
«በመስከረም ክር ስጪኝ አለኝ» አለች፤
«ሱሪ ሊሰፋ መስሎኝ።»

ጎመን ላክልላት ብል እንቢ አለች፤ ከፍላ ወሰደች።

አሁን በቦታው ሌላ ሰው ቆሟል፤ ወጣት ነው፣ ዘፈን ያበዛል።
ካሜራውን ሲያይ ራሱ ይጠጋል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፤
«ራቅ በል» እለዋለሁ።

ያ ክር ጥቁር ይሁን፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣
ፊልሙ አይናገርም፤ ግራጫ ነው የሚታይ።
ሊጊታ ታውቃለች።
አልጠየቅኳትም።